ጉዳት በጉዳት አይወገድም፦ የተደፈሩ ወንዶችና የሚያነቡት የፍቅር ልቦለድ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የዛሬው ርዕሳችን ለመጻፍም ለማንበብም ከባድ ነው። «ይህ ነገር እንዴት በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ይወጣል?» የምትሉ አትጠፉም። ቢሆንም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቡልን፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጡ።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወላጆች በልጆቻቸው ስልክ ላይ ስላገኙት የልቦለድ ዓይነት ይጠይቁናል። ታሪኩ የሁለት ወንዶች ፍቅር ነው። አንደኛው በልጅነቱ የተደፈረ ነው። በመካከላቸው ማሰርና መታሰር፣ ማዘዝና መታዘዝ፣ መግረፍም አለ። መጨረሻው ላይ ያ የተደፈረው ሰው ከቁስሉ ይድናል። ወላጆቹ የሚጠይቁን «ይህ ሐራም ነው ወይ?» ብለው አይደለም፤ እሱን ያውቁታል። የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው፦ «ልጃችን ይህን የሚያነበው ለምንድን ነው? ምን ፈልጎ ነው?»

ሸሪዓችን በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ላይ ያለው ብይን የታወቀ ስለሆነ ዛሬ አንመለስበትም። እኛ መነጋገር የምንፈልገው ስለ ቁስሉ ነው። አንድ የቆሰለ ልጅ መድኃኒቱን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ከፈለገ፣ መጽሐፉ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነሳው ማወቅ አለብን። መጽሐፉን ብቻ ረግመን ብንሄድ ልጁ ከነቁስሉ እዚያው ይቀራል።

ልቦለዶቹ ምን ይላሉ?

ነገሩ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቢዲኤስኤም ይባላል። አንዱ አዛዥ ሌላው ታዛዥ ሆኖ፣ አንዱ ሕመም ሰጥቶ ሌላው ተቀብሎ የሚፈጸም የወሲብ ልማድ ነው። ይህን ልማድ ከጓዳ አውጥቶ በየመጻሕፍት መደብሩ መስኮት ላይ ያስቀመጠው እንግሊዛዊቷ ኢ. ኤል. ጄምስ በ2011 ያወጣችው «ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ» ነው። ከተከታዮቹ ቅጾች ጋር ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ በ2015 ደግሞ ፊልም ሆኗል። ታሪኩ የወንድና የሴት ነው። ብዙ ሰው የረሳው አንድ ነገር ግን አለ፦ የመጽሐፉ ባለጸጋ ሰው በልጅነቱ የተጎዳ ነው። በሕፃንነቱ ገላው በሲጋራ ተቃጥሏል። የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የአሳዳጊ እናቱ ጓደኛ የሆነች ትልቅ ሴት ወደዚህ ልማድ አስገባችው። እሱ «ጠቀመችኝ» ይላል። የምትወደው ልጅ ግን «ልጅ ነበርክ፤ የተፈጸመብህ በደል ነው» ትለዋለች። አንባቢው ገጹን የሚገልጠው ይህ ሰው በፍቅር ይድን እንደሆነ ለማየት ነው።

በሁለት ወንዶች መካከል ከተጻፉት ደግሞ ከታወቁት አንዱ የአውስትራሊያዊው ደራሲ የሲ. ኤስ. ፓካት «ካፕቲቭ ፕሪንስ» ነው፤ «ምርኮኛው ልዑል» ልንለው እንችላለን። መጀመሪያ በኢንተርኔት በነጻ በተከታታይ ወጣ። ኋላ ትልቁ አሳታሚ ፔንግዊን በ2015 ለገበያ አቀረበው፤ ሦስተኛው ቅጽ በ2016 ታተመ። ታሪኩ በልብ ወለድ መንግሥታት መካከል ነው። ዴመን የተባለ አልጋ ወራሽ በገዛ ወንድሙ ተከድቶ በሰንሰለት ታስሮ ለጠላት አገር ልዑል ለሎረንት ባሪያ ሆኖ ይላካል። ሎረንት ጨካኝ ነው፤ ያስገርፈዋል። ልብሱን እስከ አንገቱ ጥብቅ አድርጎ የሚያስር፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቅድ ወጣት ነው። ጭካኔው ከየት እንደመጣ አንባቢው በእርግጠኝነት የሚያውቀው መጨረሻው ቅጽ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ በጦርነት ሲሞት አሳዳጊ ሆኖ የተቀመጠው አጎቱ፣ የመንግሥቱ እንደራሴ፣ በልጅነቱ ደፍሮታል። እንደራሴው በአደባባይ የተከበረ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ሎረንት ለማንም አልተናገረም።

እውነት የተናገሩበት ቦታ

የሌላውን ሥራ ሳያጣምሙ ማቅረብ አማና ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እነዚህ መጻሕፍት እውነት የተናገሩበትን እናስቀድም።

አንደኛ፣ ደፋሪው ከውጭ የመጣ ጭራቅ አይደለም። አሳዳጊ ነው፣ አጎት ነው፣ የቤተሰብ ወዳጅ ነው። ሰው የሚያምነው፣ ልጁም «ብናገር ማን ያምነኛል?» የሚልበት ሰው ነው። በእውነተኛው ዓለምም ልጆችን የሚደፍሩት በአብዛኛው ልጁ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ትዳርና ልጆች ያሏቸው፣ በሰፈር የተመሰገኑ ሰዎችም ይገኙባቸዋል።

ሁለተኛ፣ ወንድ ልጅም ይደፈራል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሳንዲዬጎ ከተማ ከ1995 እስከ 1997 ከ17,000 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው የተጠየቁበት ትልቅ ጥናት አለ። ከሴቶቹ 25 በመቶ፣ ከወንዶቹም 16 በመቶ የሚሆኑት በልጅነታቸው በአካል የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከመቶ ወንድ 16 ማለት ነው። ይህ የአንድ አገር የአንድ ከተማ ጥናት ነው፤ የእኛን ሰፈር አይቆጥርም። ነገር ግን «ወንድ ልጅ ምን ይሆናል?» ለሚል ሰው መልስ ይሆነዋል።

ሕግ እንኳ ወንዱን ለማየት ዘግይቷል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የወንጀል አኃዝ ሲሰበስብ ከ1927 የመጣ ትርጉም ይዞ አስገድዶ መድፈርን በሴት ላይ ብቻ የሚፈጸም አድርጎ ይመዘግብ ነበር። ወንዶችንም የሚያካትተው አዲስ ትርጉም ይፋ የሆነው በ2012 ነው። እንግሊዝ ወንድም እንደሚደፈር በሕጓ ያወቀችው በ1994 ነበር። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ተጎጂዋን ሴት አድርጎ ነው። በወንድ ልጅ ላይ ወንድ የሚፈጽመው በአንቀጽ 631 ይገኛል፤ ተጎጂው ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ልብ በሉ፦ ሕጉ ልጁን ተጎጂ ብሎ ነው የሚጠራው። ሰፈር ግን ብዙ ጊዜ በልጁ ላይ ስም ይለጥፍበታል፣ ይጠቋቆምበታል። በዚህ ምክንያት ልጁ ከደፋሪው ይልቅ ወሬውን ይፈራል።

ሦስተኛውና ዋናው እውነት ይህ ነው። የዚህ ልማድ ተሟጋቾች ከጥቃት የሚለየው ስምምነቱ ነው ይላሉ። በ1980ዎቹ በኒውዮርክ በእነዚህ ሰዎች መካከል የተስፋፋ መርሕ አላቸው፦ ከአደጋ የተጠበቀ፣ በጤናማ አእምሮ የታሰበበት፣ በስምምነት የሆነ መሆን አለበት የሚል። አስቀድመው የሚስማሙበት አንድ ቃልም አለ። ያ ቃል ከተነገረ ሁሉም ነገር በቅጽበት መቆም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ በአዋቂዎች ስምምነት የሚደረገውን እንደ በሽታ አይቆጥረውም።

እንግዲህ የወላጆቹ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል። የተደፈረ ልጅ ምን ተወሰደበት? «አይሆንም» የማለት መብቱ ተወሰደበት። በአፉ ብሎት ይሆናል፣ በዓይኑ ብሎት ይሆናል፣ በልቡ ብቻ ብሎት ይሆናል፤ የሰማው ግን የለም። ይህ ልጅ አድጎ በልቦለዱ ውስጥ አንድ ጠንካራ ሰው በአንዲት ቃል ሲቆም ያያል። እጁን ሲሰበስብ፣ «ምን ሆንክ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳይቆጣ ሲጠብቅ ያያል። የሚያስለቅሰው ገመዱ ወይም ጅራፉ አይደለም። «አይሆንም» ያለ ሰው መሰማቱ ነው። በ«ምርኮኛው ልዑል» ውስጥም ሎረንትን የሚለውጠው ሰንሰለቱ አይደለም። መጉዳት የሚችል ሰው አጠገቡ ሆኖ ስላልጎዳው ነው የሚለወጠው።

የሚያስቱበት ቦታ

የሻፊዒይን ፊቅህ የቀራ ደረሳ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃዒዳ አለች። ኢማም ሱዩጢ በ«አል-አሽባህ ወን-ነዛኢር» ኪታባቸው ካሰፈሯቸው መሠረታዊ ደንቦች ናት። ጉዳት መወገድ አለበት፤ ነገር ግን ጉዳት በጉዳት አይወገድም። ዑለማዎች ምሳሌ ይሰጣሉ፦ በረሃብ ሊሞት የደረሰ ሰው የሌላውን ምግብ ለነፍሱ ማቆያ መውሰድ ይፈቀድለታል። ያ ሌላው ሰው ግን እንደ እሱው በረሃብ ሊሞት የደረሰ ከሆነ አይፈቀድለትም። አንዱን ችግረኛ በሌላው ችግረኛ ሕይወት ማዳን መፍትሔ አይደለም።

እነዚህ ልቦለዶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። በመገረፍ የመጣን ስብራት በመገረፍ፣ በመታሰር የመጣን ፍርሃት በመታሰር ለመጠገን ይነሳሉ። «በስምምነት ስለሆነ ልዩ ነው» ይላሉ። ስምምነት ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የቆሰለውን ሰው ሁኔታ ተመልከቱ። በልጅነቱ የተደፈረ ሰው ፍርሃት ሲመጣበት ብዙ ጊዜ አይጮኽም፣ አይታገልም። ሰውነቱ ይደነዝዛል፣ ምላሱ ይታሰራል። ሐኪሞች ይህን በደንብ ያውቁታል። ያን ጊዜም ዝም ያለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ታዲያ የማምለጫው በር አንድ ቃል ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ደግሞ በጭንቅ ሰዓት ቃል ከአፉ የማይወጣለት ከሆነ፣ በሩ ለማን ተከፈተ? ልቦለድ ውስጥ ወዳጁ ዓይኑን አይቶ ይረዳለታል፤ ደራሲው እንዲረዳ አድርጎ ፈጥሮታልና። እውነተኛው ዓለም ውስጥ ግን ሌላኛው ሰው የገዛ ስሜቱ የያዘው፣ ምናልባትም ራሱ የቆሰለ ሰው ነው። ሁለት የተራቡ ሰዎች አንዱ ከሌላው ሊበሉ ተቀመጡ ማለት ነው።

ሌላም ስሕተት አለ። ልቦለዱ መዳንን በአንድ ሰው እጅ ያስቀምጣል። የሚወድህ ጠንካራ ሰው ይመጣል፣ ይፈውስሃል። እስኪመጣ ጠብቅ። ከመጣ በኋላም ከሄደ ትሞታለህ። በልጅነቱ ሕይወቱ በአንድ ኃይለኛ ሰው እጅ የወደቀበትን ልጅ፣ አሁንም ሕይወትህ በሌላ ኃይለኛ ሰው እጅ ናት ማለት ነው። የአሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም የጁዲዝ ኸርማን በ1992 የወጣ መጽሐፍ በዚህ መስክ መሠረት የጣለ ነው። የማገገምን መንገድ በሦስት ከፍላዋለች፦ መጀመሪያ ከአደጋ ውጭ መሆን፣ ቀጥሎ የሆነውን መናገርና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰዎችና ከኑሮ ጋር ዳግም መገናኘት። የመጀመሪያው ደንቧ ሥልጣኑ ወደ ተጎጂው መመለስ አለበት የሚል ነው። ሌላ ሰው ይደግፈዋል እንጂ በእሱ ፋንታ አያድነውም። ልቦለዶቹ ግን ሦስተኛውን ደረጃ መጀመሪያ ላይ ያመጡታል። ገና ከአደጋ ሳይወጣ፣ ገና ለማንም ሳይናገር፣ በሌላ ሰው ክንድ ውስጥ ይጥሉታል።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመ መጽሐፍም አለ። ሐንያ ያናጊሐራ በ2015 ያወጣችው «ኤ ሊትል ላይፍ» በዚያው ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ኋላም በቲክቶክ ወጣቶች እያለቀሱ ሲያወሩለት ከረመ። እዚያ ውስጥ ጁድ የሚባል ሰው አለ። ሕፃን ሆኖ ተጥሎ በገዳም ያደገ፣ በአሳዳጊዎቹ የተደፈረ፣ አድጎም በሚደበድበው ወንድ እጅ የወደቀ ነው። ከዚያ በኋላ በእውነት የሚወደው ሰው ያገኛል። ያም አያድነውም፤ መጨረሻው ራስን ማጥፋት ነው። ደራሲዋ የማይድን ሰው መጻፍ እንደፈለገች ተናግራለች።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ «ፍቅረኛ ካገኘህ ትድናለህ» ይላል። ሌላው «ፍቅረኛ ብታገኝም አትድንም» ይላል። ቁስሉን በጉያው ይዞ በሌሊት የሚያነብ ልጅ በሁለቱ መካከል ምን ይምረጥ? ሦስተኛውን መንገድ ማን ይንገረው?

የዩሱፍ (ዐ.ሰ) መንገድ

አላህ (ሱ.ወ) በቁርኣን ውስጥ ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ብሎ የነገረን የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። ይህን ሱራ ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነዋል። በዚህ ዓይን ግን ደግመን እንየው።

ታሪኩ የሚጀምረው በቤተሰብ ውስጥ በተፈጸመ በደል ነው። ልጁን ጉድጓድ የጣሉት ወንድሞቹ ናቸው። ከዚያ በጥቂት ዲርሃም ተሸጠ። ባደገበት ቤት ውስጥ ሥልጣን ያላት የቤቱ እመቤት በሮቹን ዘግታ ወደራሷ ጠራችው። እሱ የተገዛ ወጣት ነው፤ እሷ የአዚዙ ሚስት ናት። ኃይል ያለው ኃይል የሌለውን ለብቻው ዘግቶ ሲይዘው ማለት ይህ ነው። ተጠቂው ደግሞ ወንድ ነው። አላህ ይህን እስከ ቂያማ በመስጂድ የሚነበብ አደረገው። ታዲያ አላህ ያላፈረበትን ነገር እኛ በምን ሒሳብ ነውር ነው ብለን እንዘጋዋለን?

ዩሱፍ ሮጠ፤ ቀሚሱ ከኋላው ተቀደደ። በሩ ላይ ባሏ ሲገኝ እሷ ቀድማ ከሰሰችው። እሱ ዝም አላለም፤ ወደራሷ የጠራችው እሷ መሆኗን በግልጽ ተናገረ። የቀሚሱም ቀዳድ ተመረመረ፣ ማስረጃም ሆነ። ንጽሕናው ታውቆም ታሰረ፤ ዓመታት በእስር ቆየ። ንጉሡ ሊያወጣው ሲልክም ወዲያው አልወጣም። መጀመሪያ የሴቶቹ ጉዳይ ይመርመር አለ። ከነፃነቱ በፊት እውነቱ እንዲታወቅ ፈለገ።

ይቅርታውስ መቼ መጣ? ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልን። ጉድጓድ ውስጥ ሳለ «ወንድሞችህ ናቸውና ይቅር በላቸው» ያለው የለም። ይቅርታው የመጣው ራሱ ከአደጋ ከወጣ፣ በምድሪቱ ላይ ሥልጣን ካገኘ በኋላ ነው። ያውም ወንድሞቹ ጥፋተኞች እንደነበሩ በአፋቸው ካመኑ በኋላ ነው። ዛሬ በየቤቱ የተደፈረን ልጅ «አጎትህ ነው፣ ዝም በል፣ ሰብር አድርግ፣ ቤተሰብ አታፍርስ» የሚሉ ሰዎች ይህን ሱራ ይመልከቱ። ሰብር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ያማረ ሰብር እንደሚያደርጉ ተናግረው ሳለ ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ሐዘናቸውንም ለአላህ አሰምተዋል።

ጽዋውና ልጁ

«አይሆንም» ስለማለት ደግሞ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጠጥ ቀረበላቸው፤ ከእርሱ ጠጡ። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። በሥርዓቱ ተራው የቀኙ ነው። ለትልልቆቹ ሊሰጡ ፈለጉና ልጁን ፈቃድ ጠየቁት። ልጁ እምቢ አለ፤ ከእርሳቸው የሚያገኘውን ድርሻ ለማንም አሳልፎ እንደማይሰጥ ነገራቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጽዋውን በልጁ እጅ አኖሩት።

ይህ የጽዋ ነገር ብቻ አይደለም። የአላህ መልእክተኛ አንድን ልጅ ፈቃድ ጠየቁ። ልጁ በሽማግሌዎች ፊት እምቢ አለ። አልተቆጡትም፣ «ለትልቅ ሰው እንዲህ ይመለሳል?» አላሉትም። እምቢታውን አከበሩለት። አነስ (ረ.ዐ) ደግሞ ልጅ ሆኖ ዐሥር ዓመት ሲያገለግላቸው አንድም ቀን ኡፍ እንዳላሉት መስክሯል።

ልጁ በልቦለድ ውስጥ የሚፈልገው ነገር እዚህ አለ። ኃይል ያለው ሰው እጁን ሲሰበስብ፣ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ እምቢታን ሲያከብር። ያለ ገመድ፣ ያለ ጅራፍ። ልጆቻችን ይህን በቤታቸው ካዩት ሌላ ቦታ አይፈልጉትም። አጎት «ና ሳመኝ» ሲለው «አልፈልግም» ያለ ሕፃን ልጅ ካልተገደደ፣ አንድ ቀን የባሰ ነገር ሲመጣበት «አልፈልግም» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ለእናቱም መናገር ይችላል።

ለማን ምን እንላለን?

ለቆሰልከው ወንድማችን፦ በልጅነትህ በተገደድክበት ነገር ወንጀል የለብህም። የተገደደ ሰው አይጠየቅም፤ ልጅም ብዕር የተነሳለት ነው። የዲናችን መሠረት ይህ ነው። ያን ጊዜ ዝም ማለትህ መስማማት አይደለም። ሰውነትህ ሳትፈልግ የሰጠው ምላሽ ካለም፣ እሱም ፈቃድ አይደለም። ደፋሪው አንተን አላረከሰህም፤ ራሱን ነው ያረከሰው። ማንነትህንም እሱ አልጻፈውም። ዱዓህን አታቋርጥ፤ ከዱዓው ጋር በዚህ ሥራ የሠለጠነ የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ፈልግ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘዋል፤ የልብ ስብራትም ሕመም ነው። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ለብቻህ አትደር። የመጨረሻውን ገጽ ደራሲዋ እንደጻፈችለት እንደ ጁድ አይደለህም። ያንተ ገና አልተጻፈም።

ለወላጆች፦ ስልኩን አትስበሩ። ስልኩ ከተሰበረ ልጁ ሌላ ስልክ ያገኛል፤ የሚያናግረው አባት ግን አያገኝም። አንድ ወጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥቶ ዚና እንዲፈቀድለት በጠየቀ ጊዜ ሰዎች ጮኹበት። እርሳቸው ግን አቅርበው አስቀመጡት፣ በእርጋታ አነጋገሩት፣ እጃቸውን በእሱ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉለት። እናንተም ልጃችሁን አቅርባችሁ አስቀምጡት። «ከታሪኩ ውስጥ ልብህን የነካው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «ምንም፣ ጓደኞቼ ስላነበቡት ነው» ሊሆን ይችላል፤ ያነበበ ሁሉ የተደፈረ አይደለም። ነገር ግን ዝም ብሎ ዓይኑን ከሰበረ፣ አትቸኩሉ። ጠብቁት። የሚነግራችሁ ነገር ካለ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «አምንሃለሁ» የሚል ይሁን።

በመስጂድና በመድረሳ ለምናገለግል ሁሉ፦ ልጅ አማና ነው። አንድ ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ለብቻው በተዘጋ ክፍል መቀመጥ የለበትም፤ ኡስታዝም ቢሆን፣ ሸኽም ቢሆን። ይህ ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ የጠራውን ኡስታዝ ከሐሜት፣ ልጁን ከአደጋ የሚጠብቅ ደንብ ነው። በልጅ ላይ የተፈጸመ መድፈር በሽምግልና የሚያልቅ የድንበር ክርክር አይደለም። ጉዳዩ የሐኪምና የሕግ ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጁ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ደፋሪው ከልጁ አጠገብ ይራቅ።

ውድ ወንድምና እህቶች፣ እነዚህን ልቦለዶች የሚጽፉ ሰዎች ለአንድ ጥያቄ መልስ እየፈለጉ ነው፦ የተደፈረ ሰው እንዴት ዳግም ሰው ያምናል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሳቸው ነው የተሳሳተው። መልሱ የተሳሳተ ነው ብለን ስንጽፍ ግን ትክክለኛውን መልስ በእጃችን ይዘን መሆን አለበት። ይህን ጽሑፍ ለሚጠቅመው ሰው አድርሱልን። በአስተያየት መስጫው ላይ ግን የማንንም ስም፣ የማንንም ታሪክ አትጻፉ፤ የሰው ሲትር ይጠበቅ።

አላህ (ሱ.ወ) የተሰበሩትን ልቦች ይጠግንልን። ልጆቻችንን በሚያውቋቸውም በማያውቋቸውም ሰዎች ከሚደርስ ክፋት ይጠብቅልን። ለተበደሉት እውነቱን የሚሰማ ጆሮ፣ የማይጎዳ እጅ ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።